የተሸለምኩት በርሜል

የታመምኩት በወባ አይደለም። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር እንድክዳት ተለምኛለሁ፣ ተመክሬአለሁ፣ ተዝቶብኛልም፤ ስለዚህ ከሁሉም በፊት እሷን ማስቀደም ፈለግሁ። በወባ አይደለም፣ በአረቄም አይደለም፣ በቡዳም አይደለም። የታመምኩት ባሕር ተሻግሮ በመጣ መርዝ ነው። መርዝ መሆኑን የሚያውቁት ሰዎች «ምንም አይልም» ብለው በእጄ ሰጡኝ፤ እኔም እጅ ነስቼ ተቀበልኩ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቤቴ ወለንጪቲ፣ ሥራዬ ግን ወደ አዋሽ ወረድ ብሎ ባለ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ነበር። ባንዲራ ያዥ ነበርኩ ስል የዛሬ ልጆች ሰልፍ የምመራ ይመስላቸዋል። ጥጡን ተባይ ሲመታው መድኃኒት በአውሮፕላን ይረጫል። አብራሪው የረጨውን ካልረጨው ከላይ ሆኖ መለየት ስለማይችል፣ በማሳው ወዲህና ወዲያ ጫፍ ሁለት ሰዎች ነጭ ጨርቅ በዘንግ አስረው ይቆማሉ። አውሮፕላኑ ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ እየረጨ በራሳችን ላይ ያልፋል። እኛ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን እንሄድና እንደገና እንቆማለን። ቀድሞ የሸሸ ሰው መስመር ያበላሻል፤ ማታ ካምፕ ውስጥ መሳቂያ ይሆናል። እኔ አንድም ቀን ሸሽቼ አላውቅም። ሞኝነቴን ጀግንነት ብዬ ይዤው ነበር።

ከወዲያ ጫፍ የሚቆመው ጉተማ ነበር፤ የቦሰት ልጅ፣ ቀልደኛ፣ የካምፕ ጎረቤቴ። የሚረጨውን ነገር «ጠበል» ያለው እሱ ነው። ጠዋት በራፌን ያንኳኳና «አካም ቡልቴ፣ ኦቦ እሸቱ? ተነስ፣ ጠበላችን ደረሰ» ይለኛል። ማታ ልብሳችን እርጥብ እንደሆነ ተመልሰን፣ በዚያው ልብስ እራት እንበላ ነበር።

መድኃኒቱን የሚያመጣው የውጭ ኩባንያ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ስማቸውን እየለዋወጡ ይኖራሉና የዛሬውን ብጽፍ ነገ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ወኪሉ ግን የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ሰበሰበንና በርሜሉ ውስጥ ጣቱን ነክሮ ላሰ። «አያችሁ? የሚገድለው ትል ነው፤ ሰው ምን በወጣው!» አለ። አጨበጨብንለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይህን ላከመችኝ ዶክተር ስነግራት፣ «የነከረው ጣትና የላሰው ጣት አንድ መሆኑን አይተዋል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። ማንም አላየም።

በዓመቱ ሜይ ዴይ ሲከበር ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተመረጥኩ። ሽልማቴ በእጀታው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረበት፣ ክዳን ያለው ባዶ በርሜል ነበር። ወለንጪቲን የማያውቅ ሰው ይስቅ ይሆናል። ውሃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት አገር እንዲህ ያለ በርሜል ማለት ግማሽ ቤት ነው። ከበርሜሉ ጋር ሥራ አስኪያጁና ወኪሉ የፈረሙበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ወኪሉ እጄን ጨብጦ «በአመድና በሙቅ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠበው፤ ከዚያ ያለ ሥጋት ጠጣበት» አለኝ። እኔ ለጥንቃቄ ብዬ አራት ጊዜ አጠብኩት። ጉተማ ግን በጎን እያየው፣ «እኔ ውሃዬን በቅሌ እጠጣለሁ፤ የአንተ በርሜል ይሸተኛል» አለ። ቀናብኝ አልኩ በልቤ።

ካምፕ ውስጥ በክፍሌ አስቀምጬው ስጠጣበት ሦስት ሳምንት ያህል ቆየሁ። መጀመሪያ ራስ ምታት መጣ። ቀጥሎ የዓይኔ ቆብ ይርገበገብ ጀመር፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ላብ፦ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሸሚዜ ይጨመቃል። ከዚያ የጻፍኩትን ሰርዤ ደግሜ የጻፍኩት ነገር፤ ለሃጬ እንደ ሕፃን ይዝረከረክ ጀመር። ደረቴ ይጠብባል፣ ዓይኔ ይደበዝዛል፣ ስሄድ እግሬ ይከዳኛል።

የእርሻው ድሬሰር ሳይነካኝ «ወባ ነው» አለና ክሎሮኪን ሰጠኝ። አልተሻለኝም፤ ደገመኝ። ደሜ ተመርምሮ ወባ የለበትም ቢባል፣ «ተደብቆ ነው» ብሎ ሠለሰኝ። ናዝሬት ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ እነሱ ደግሞ የአንጀት ተስቦ ነው ብለው አሥር ቀን መርፌ ወጉኝ። ሚስቴ ወርቅነሽ ሁለት ፍየል ሸጠች። ፍየሎቹ ሄዱ፣ ሕመሙ ቀረ።

የሰፈር ሰው ለሃጬንና መንገዳገዴን አይቶ «አረቄ ነው» ብሎ ፈረደ። አፌን በአረቄ ነክቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ወርቅነሽ ትራሴን የምታስተካክል መስላ ጠጋ አለችና አፌን አሸተተች። ማየቴን እንዳታውቅብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሕመሙ ሁሉ ያ በለጠብኝ።

በመጨረሻ ጠበል ወሰደችኝ። ሁለት ሳምንት ተጠመቅሁ፣ ጠበሉን ጠጣሁ፣ ዳንኩ። እውነት እላለሁ፣ ዳንኩ። ላቡ ቆመ፣ ዓይኔ ጠራ። እየዘመርኩ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ ወደቅሁ። እንደገና ጠበል ሄድኩ፣ እንደገና ዳንኩ፣ እንደገና ካምፕ ገብቼ ወደቅሁ። አጥማቂው ቄስ ሁለተኛውን ጊዜ ሲያሰናብቱኝ፣ «ልጄ፣ እዚህ ትድናለህ፣ እዚያ ትታመማለህ። እዚያ ያለውን መርምር» ብለውኝ ነበር። ኃጢአት ያሉኝ መስሎኝ፣ በልጅነቴ የሰረቅሁትን የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር ተናዝዤ ሄድኩ። በርሜሉ ትዝ አላለኝም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስወድቅ፣ ከእንግዲህ ካምፕ ለመኖሬም እርግጠኛ ስላልነበርኩ፣ በርሜሉ እንዳይሰረቅብኝ ለጉተማ «በእርሻው መኪና ወደ ቤቴ ላክልኝ፤ ወርቄ ትጠቀምበት» አልኩት። እሱም ላከው። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ኩባንያውን ስከስ ይህን አልደብቅም።

በአምስተኛው ቀን ጉተማ ደግፎ ናዝሬት ሆስፒታል አደረሰኝ። ከጠዋት ጀምሮ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተራ ጠበቅን። ሰው ሁሉ እንደኔ የራሱን ደብተር ይዞ በሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት የመቂ እናት፣ ሽንኩርት ነጋዴ፣ ልብሳቸውም ሽንኩርት የሚሸት፣ ለሃጬን በነጠላዬ ስጠርግ አዩኝ። የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ። ስማቸው ሲጠራ ደግሞ ተነሱና «እኔን ጉልበቴን ነው፤ ጉልበት አይሸሽም። ይሄ ልጅ ይግባ» አሉ። እዚያ ወንበር ላይ ስንት ሰው እንደጠላኝ አላውቅም፤ እሳቸው ግን ሕይወቴን ሰጡኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። ከሁሉ በፊት ዓይኔን በባትሪ አየች። «ብሌንዎ የመርፌ ቀዳዳ ታክላለች» አለች። «ሥራዎ ምንድን ነው?» ከታመምኩ ጀምሮ ሥራዬን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። ነገርኳት። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ወጋችኝ፤ መርዙ የለቀቀውን ላብና ምራቅ የሚያቆም ነው። አፌ ደረቀ፣ ደረቴ ተከፈተ። በማግስቱ ጠዋት መናገር ስችል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የተሻለዎት ጊዜ ነበር?»

«ጠበል ስሄድ፣ ሁለቴ።» ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«እዚያ የሚጠጡት ምን ነበር?»

«ጠበሉን።»

«ካምፕስ?»

«ከበርሜሌ። የተሸለምኩት የመድኃኒቱ በርሜል አለ፤ ታጥቧል።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ጠበሉ አድኖዎታል፤ ከበርሜሉም ከአውሮፕላኑም አርቆዎታልና። በርሜሉ አሁን የት ነው?»

በርሜሉ ወለንጪቲ ነው። ሚስቴና የስድስት ዓመት ልጄ ሰናይት አምስት ቀን ሙሉ ጠጥተውበታል።

ከአልጋዬ ስወርድ ዶክተሯ አልከለከለችኝም፤ «ይዘዋቸው ይምጡ፣ እጠብቃለሁ» ብቻ አለች። ጉተማ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ ተኝቶ ነበር። መናኸሪያ እስክንደርስ አልጠበቅንም፤ ወደ አዋሽ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቆምን፤ ሹፌሩ፣ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ጉዳዩን ሲሰማ «ቢስሚላህ» አለና ነዳው።

ቤት ስገባ ሰናይት መደብ ላይ ተኝታለች። አገጯ ረጥቧል። ወርቅነሽ ጭንቅላቷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጣሳ ይዛለች። «ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል፤ ውሃ ውሃ ትላለች፤ እየሰጠኋት ነው» አለችኝ። ጣሳውን ከእጇ መታሁት። ከዚያ ወጥቼ በርሜሉን በሁለት እጄ ገፍቼ ደፋሁት። ጎረቤት «እሸቱ አበደ!» እያለ ወጣ፤ ወለንጪቲ ውስጥ ውሃ የሚደፋ ጤነኛ ሰው የለማ። ወርቅነሽ መሬት የሚጠጣውን ውሃ አየች፣ እኔን አየች፣ ልጇን አየች። ሳልነግራት ገባት። «በእጄ ነው ያጠጣኋት» አለች፤ ከዚያ በኋላ ናዝሬት እስክንደርስ ጉተማ ልጅቷን፣ እኔ ሚስቴን ይዘን ሄድን። ሰይድ ሞተሩን ሳያጠፋ ነበር የጠበቀን።

ሰናይት ስድስት ቀን ተኛች። በሁለተኛው ቀን ዶክተሯ ራሷ ትንፋሿን እያዳመጠች አጠገቧ ተቀምጣ ስትቆይ፣ ነገሩ ምን ያህል ቀጭን ክር ላይ እንዳለ ገባኝ። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ አውሮፕላኑ ሥር ጀግና የነበርኩት ሰውዬ የአልጋውን ብረት ሙጭጭ አድርጌ ይዤ አደርኩ። በአራተኛው ቀን «አባባ፣ አፌ ደረቀ» አለችና እኔ እንደ እብድ ሳቅሁ፤ አፍ መድረቅ መድኃኒቱ መሥራቱ ነው።

ወርቅነሽ ራስ ምታት ብቻ ስለነበራት ቶሎ ተሻላት። በዚያ ዓመት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ጨርሳ ነበር። ወለንጪቲ ተመልሳ በርሜሉ ላይ የታተመውን የፈረንጅ ጽሕፈት፣ አንድም ፊደል ሳታውቅ፣ እንደ ጥልፍ እያየች በደብተሯ ላይ ገለበጠችው። ዶክተሯ አነበበችው። «‹ባዶውን ዕቃ ለምግብም ሆነ ለውሃ አትጠቀሙበት› ይላል። ‹ሲረጭ በማሳው ውስጥ ሰው እንዳይኖር› ይላል።» ሁለቱንም በአማርኛ ጽፋ፣ የእኔንና የልጄን ሕመም ምክንያት ጨምራ፣ ማኅተም አድርጋ ሰጠችን። ያኔ ነው የተናደድኩት። እስከዚያ ድረስ እንደ አደጋ ነበር የማየው። ለካ እያወቁ ነበር፤ ማወቃቸውን ደግሞ እኛ በማንችለው ቋንቋ በርሜሉ ላይ ጽፈውታል።

ቤት በገባን በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁና ወኪሉ መጡ። ወኪሉ ብስኩትና አንድ ወረቀት ይዟል፤ የጣት ቀለምም አልረሳም። «አቶ እሸቱ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ኩባንያው ሊረዳዎ ይፈልጋል። እዚህች ጋ አውራ ጣትዎን ብቻ» አለ። እኔ ማንበብ እችላለሁ፤ ነገር ግን ወርቅነሽ ቀደመችኝ። ወረቀቱን ወስዳ በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች፤ ቀስ እያለች፣ ፊደሉን እየቆጠረች። የታመምኩት በወባ ነው ይላል። በርሜሉን ያለ ፈቃድ፣ በራሴ ጥፋት ወስጄ ነው ይላል። «ጥ... ፋ... ት» አለችና ቆመች። ከዚያ ወኪሉ ከተቀመጠበት ወንበር በላይ ግድግዳው ላይ ያለውን አሳየችው።

«እሱንም ላንብብልዎት?»

የምስክር ወረቀቴ ነበር፤ በመስታወት ውስጥ። «ለኮከብ ሠራተኛ እሸቱ፣ ለትጋቱ ሽልማት አንድ የውሃ በርሜል።» ከሥሩ የሁለቱም ፊርማ አለ። ወኪሉ ዞሮ የራሱን ፊርማ አየ። እንደዚያ አንገቱ የቀላ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ፣ «ጓድ እሸቱ፣ ምርት ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ታውቃለህ» አለኝ። አውቃለሁ። በዚያ ዘመን ምን እንደሚባልና ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም። አልፈረምኩም።

የሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ቀን ጉተማና እኔ በርሜሉን ሪባኑ እንደታሰረ አዳራሹ ውስጥ አንከባለን አስገባነው። ድምፁ መፈክሩን አቋረጠው። የዶክተሯን ወረቀት አነበብኩ፤ ጉተማ በኦሮምኛ ደገመው። ሥራ አስኪያጁ ተቀመጥ ሲለኝ ያልተዘጋጀሁበት ነገር ከአፌ ወጣ። «ጓዶች፣ ስብሰባ በገባን ቁጥር ኢምፔሪያሊዝም ይውደም እያልን እጃችንን እናነሳለን። ኢምፔሪያሊዝም ግን መርዙን ሲልክልን ከአውሮፕላኑ ሥር ቆመን ተቀበልነው፤ በርሜሉንም አጨብጭበን ተሸለምነው። እኔ ዛሬ የምጠይቀው መፈክሩ እውነት ይሁን ብዬ ነው። ይህ ፀረ አብዮት ከሆነ እሰሩኝ።»

እኔን ለማሰር መፈክሩን ማሰር ነበረባቸው። መጀመሪያ የተነሳው ጉተማ ነው፤ «እኔም ዓይኔ ደክሟል። ከእንግዲህ ባንዲራ አልይዝም» አለ። ከኋላ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ቀጠለ። በሳምንቱ በማሳው ጫፍ የእንጨት ምሰሶ ተተክሎ ጨርቅ ተሰቀለበት። እንጨት አይታመምም። በየቤቱ የነበሩ በርሜሎች ተሰብስበው በመዶሻ ተበሱ።

ማኅበሩ በዶክተሯ እጅ ለኩባንያው፣ እስከ አገሩ ድረስ፣ ደብዳቤ ጻፈ። ከብዙ ወራት በኋላ አንድ ገጽ መልስ መጣ፤ መድኃኒቱ መመሪያው ከተከበረ ጉዳት የለውም ይላል። እኛም «መመሪያው በየትኛው ቋንቋ?» ብለን መለስን። ለዚያ መልስ አልመጣም። የመጣው በቀጣዩ ዓመት የተራገፈው በርሜል ነው፤ በላዩ ላይ በአማርኛ «መርዝ» የሚል ቃል ታትሞበታል። ያቺን ቃል የገዛናት በሰናይት ስድስት ቀን ነው። ትልቅ ነገር ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን «አጥፍተናል» የሚለውን ቃል ነበር የጠየቅሁት፤ እስከ ዛሬ አልሰማሁትም፤ መጠየቄንም አልተውኩም።

ሰናይት ዛሬ የልጆች እናት ናት። የእኔ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ስጽፍም መስመሩ ይጣመማል። እንደ እኔ ታማችሁ ወባ ነው፣ መጠጥ ነው የምትባሉ ሁሉ፣ ሐኪም ባይጠይቃችሁም ሥራችሁን ንገሩት፤ ውሃችሁን በምን እንደምታስቀምጡም ንገሩት። የሚፈረም ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው አጠገባችሁ ይኑር።

በርሜሉን አልበሳሁትም፤ በጓሮዬ በሰንሰለት ታስሮ ተቀምጧል። ጽሕፈቱ ማስረጃዬ ስለሆነ እንዳይለቅ በሸራ እሸፍነዋለሁ። አንድ ቀን ወኪሉ አንድ የኩባንያውን ፈረንጅ አስከትሎ መጣ፤ ከፒክአፑ ላይ የሚያብለጨልጭ አዲስ የውሃ በርሜል አወረደ። አሮጌዎቹን እየሰበሰብን ነው፣ በአዲስ እንቀይርልዎ አለኝ። ፈረንጁ ሸራውን ገልጦ ጽሕፈቱን አየ፤ ሪባኑንም አየ፤ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ወኪሉ «የፈለጉትን ይጠይቁ ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ።

ሸራውን መልሼ ከደንኩት።

«ንገረው፤ ይሄ አይቀየርም። የእኔ ነው። ተሸልሜዋለሁ።»